አዲሱ ዊንዶውና የኦቦ ደሬሳ የሕይወት ታሪክ

ሰው ሲሞት በኛ ሰፈር ሦስት ነገር ወዲያው ይፈለጋል፤ ድንኳን፣ ጥሩምባ ነፊና እኔ። ለጉልበቴ የምፈለግ እንዳይመስላችሁ። መቃብር ስቆፍር ያየኝ ሰው የለም፤ ወገቤን ያመኛል። ከአምቦ መናኸሪያ ወረድ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ እሠራለሁ፤ ቀብር ላይ የሚነበበው የሕይወት ታሪክ የሚወጣው ከዚያች ክፍል ነው። ኦርቶዶክሱም ይመጣል፣ ጴንጤውም ይመጣል። በሕይወት ሳሉ አብረው ያልጸለዩ ሰዎች በኔ ኪቦርድ ላይ ይገናኛሉ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ ለሌላ ሰው ግን እንዳታወሩብኝ። ሐዘንተኛ ጥድፊያ ላይ ነው፣ አስከሬን አስቀምጦ ቃላት የሚመርጥ የለም። «እንደ አቶ እገሌ አድርገህ ጻፍልኝ» ይለኛል። እኔም የአቶ እገሌን ከፍቼ ስሙን፣ ዘመኑንና የልጆቹን ቁጥር ለውጬ አትማለሁ። ስለዚህ እኔ ዘንድ ሟች ሁሉ ደግ ነው፣ ሟች ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ነው፣ ሟች ሁሉ «ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ» ነው የሚሞተው። አንድ ጊዜ ግንብ ተንዶባቸው የሞቱ ሰው እንኳ እኔ እጅ ሲገቡ ሕመም አደረባቸው።

ታዲያ ጉደር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወፍጮ ቤት ዘበኛ የነበሩ አዛውንት ሞቱና፣ ከሳቸው በፊት የሞቱትን ሰውዬ ታሪክ ከፍቼ ስለዋውጥ አንዲት መስመር አመለጠችኝ። መቃብሩ ላይ «በምጽዋ ወደብ በመርከበኛነት ለረጅም ዓመታት አገራቸውን አገልግለዋል» ተብሎ ተነበበ። ለቀስተኛው ልቅሶውን አቋርጦ ተያየ። ሚስታቸው ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው «ወንዝ ስንሻገር እጄን ካልያዘ የማይራመድ ሰውዬ!» አሉና ከበፊቱ የበለጠ አለቀሱ።

በዚያ ቀብር ላይ ኦቦ ደሬሳ ነበሩ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ካቺሲ ላይ ብዙ ዘመን አስተምረው ወደ አምቦ የተዛወሩ፣ የከተማውን ግማሽ ሒሳብ ያስተማሩ። እኔንም አስተምረውኛል፤ ውጤቴን እዚህ ማንሳት ግን አስፈላጊ አይደለም። ክረምት ከበጋ ከእጃቸው የማትለይ አንዲት ጥቁር ጃንጥላ አለቻቸው። በማግሥቱ ጃንጥላቸውን በሬ ላይ አንጠልጥለው ገቡና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፤ አርባ አምስት ዓመቴ ነው። «እኔን መርከበኛ ሳታደርገኝ በፊት የራሴን ራሴ አጽፈዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ መምጣት ጀመሩ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ግማሹን ያስጠፉኛል። ገለባ ቃል አይወዱም። በልማድ እጄ «ደግ» ብሎ ሲጽፍ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ያዩኝና «ማን ነገረህ?» ይሉኛል። «ቁጡ ነበረ፤ ከተቆጣ በኋላ ይጸጸታል፣ ይቅርታ ግን አይጠይቅም» ብለው አስጻፉኝ። እንዲህ ዓይነት የሕይወት ታሪክ ጽፌ አላውቅም። በየጊዜው አትሜ ልስጥዎ ስላቸው አንድ መልስ ነበራቸው፤ «ያላለቀ ሕይወት አይታተምም።»

ልደቱ አለቀ፣ ትምህርቱ አለቀ፣ ሥራው አለቀ። የተጣበቅነው አዴ ድንቂቱ ጋ ስንደርስ ነው።

አዴ ድንቂቱ ባለቤታቸው ናቸው። እኔ በለመድኩት አጻጻፍ ሚስት የሚደርሳት ግማሽ መስመር ነው፤ «ከወይዘሮ እገሊት ጋር በሕግ ተጋብተው» ይልና፣ ከዚያ በኋላ ወይዘሮዋ እስከ ታሪኩ መጨረሻ ድምፃቸው አይሰማም። ኦቦ ደሬሳ ይህን አልፈለጉም። ዕድሜ ልካቸውን አብረዋት ኖረው አንድም ቀን አመሰግንሻለሁ ብለዋት እንደማያውቁ ነገሩኝ። እኔ ሞኙ፣ ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ዛሬ ማታ ይበሏቸዋ አልኳቸው። እንደ እብድ አዩኝ።

«በዚህ ዕድሜዬ? ምን ነካው ብላ ሐኪም ቤት ትወስደኛለች። ስሞት ይነበብላት። ያን ጊዜ አላፍርም፤ አንተ ግን አደራ።»

ሰው በቁሙ ያላለውን ሞቶ ሊል ያሰበውን ነገር ነው እንግዲህ የተቀበልኩት። አደራ የሚባል ቃል ከባድ ነው፤ በተለይ እንደኔ ላለ ወገቡን ለሚያመው ሰው።

መጀመሪያ «ትጉህ፣ ሥርዓት ያላት፣ ጠባይዋም በጣም ጥሩ» አሉኝ። መልሼ ሳነብላቸው የተማሪ ካርድ ሆኖ አገኙትና አስጠፉኝ። ቀጥሎ ከመጽሐፈ ምሳሌ የልባም ሴት ጥቅስ አስገቡ፤ ይሄ የሰሎሞን ነው እንጂ የኔ አይደለም ብለው እሱንም አስጠፉ። በሌላ ቅዳሜ መጥተው ዓይናቸውን በሩ ላይ ወደተንጠለጠለችው ጃንጥላ አድርገው ስለ መንገዱ ነገሩኝ። ከካቺሲ ሲዛወሩ መኪና እስከሚገኝበት በእግር ነበር የመጡት። እሷ የመጀመሪያ ልጃቸውን አዝላ፣ የዕቃውን ቋጠሮ በራሷ ተሸክማ ከኋላ ትከተላለች። እሳቸው ከፊት ጃንጥላ ይዘው ይሄዳሉ። ጃንጥላ ብቻ። «መምህር ዕቃ አይሸከምም ይባል ነበር። ያቺን ጃንጥላ ለሷ አለመያዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል» ብለው አስጻፉኝ፤ ጽፌ ሳልጨርስ ደግሞ አጥፋው አሉ። ጓደኞቻቸው ይስቁባቸዋል። ሞተው እኮ ነው የሚነበበው ብላቸው «ቢሆንም» አሉ። አጠፋሁት። በመጨረሻ፣ የሷ ነገር በቤታችን ቋንቋ ይሁን ብለው አንዲት ቃል ብቻ በቁቤ፣ በአፋን ኦሮሞው የላቲን ፊደል፣ አስጻፉኝ፤ «ገለቶሚ»፣ አመሰግንሻለሁ። የቀረውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሉና ጃንጥላቸውን ይዘው ሄዱ።

አዲሱ ዊንዶው የመጣብን እንግዲህ በዚህ መሀል ነው።

ወሬውን ያመጣችው ሌንሳ ናት። ከጎኔ ባለው ክፍል ሞባይልና ኮምፒውተር የምትጠግን፣ በኮምፒውተር የተመረቀች ልጅ ናት። አዲስ ዊንዶው ሊወጣ ነው፣ የድሮው ይቀራል አለችን። በኔ ቤት ይህ ወሬ አዲስ ሹም የመጣ ያህል ሰው ሰበሰበ። መጀመሪያ የተቆጣንበት ኮረብታው ነው። የድሮው ሲከፈት አረንጓዴ ኮረብታና ሰማያዊ ሰማይ ይታያል። እኔ ሁልጊዜ ወንጪ አካባቢ የተነሣ ይመስለኝ ነበር፤ አንድ የሐሮ ወንጪ ሰውም የአጎቱ ግጦሽ መሆኑን ምሎ አረጋግጦልኛል። ይህ ኮረብታ ተነሥቶ በምትኩ ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ሣጥን ይደረደራል ስትለን፣ የኪራይ ውል ሊያጽፍ የመጣ ሰውዬ፣ ድሃ የለመደውን ለምን ይነጥቁታል ብሎ ተነሣ። እሱ ራሱ ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም።

ሁለተኛው፣ ስክሪኑ በጣት ይነካል የሚለው ነው። የኔ ስክሪን ከኋላው እንደ በርሜል የወጣ ነው፤ በጣት ሲነኩት አቧራ ብቻ ነው የሚመልሰው። ሦስተኛው ከሁሉ የባሰ ነበር፤ «ጀምር» የምትለዋ ቁልፍ ከጥግ ላይ ትነሣለች። እኔ ማሽኑን የምዘጋው በሷ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ማሽኑ አንዴ ከተከፈተ እስከ ዕለተ ምጽአት ክፍት ሊሆን ነው ብዬ ሰጋሁ። ኦቦ ደሬሳ ግን በዚህ ሳቁ። ለመጨረስ «ጀምር» የሚለውን ስትነካ ኖረህ ዛሬ ነው እንዴ ግራ የገባህ አሉኝ።

አንድ ደስ የሚል ነገርም ነበረው። አዲሱ ዊንዶው አማርኛ ከራሱ ጋር ይዞ ነው የሚመጣው። እስከዚያ ድረስ አማርኛ የምንጽፈው ከአዲስ አበባ በሲዲ በተገለበጠ ፕሮግራም ነበር። ኦቦ ደሬሳ አፋን ኦሮሞስ ብለው ጠየቁ፤ ሌንሳም እሱ በላቲን ስለሚጻፍ ድሮም አልተቸገረም አለቻቸው። እኔ ልቤ አረፈ። አማርኛ የሚያውቅ ከመጣ ሌላ ምን እንጠይቃለን አልኩ። ይህችን ንግግሬን ያዙልኝ።

ቢሆንም ላስጭነው አልደፈርኩም፤ የኦቦ ደሬሳ ይለቅ እያልኩ ቀናቱን ገፋሁ። ላያስችል አይሰጥም ይባላል፤ ለኔ ግን ፍላሽ ሰጠኝ። ማስታወቂያ ሊያሳትም የመጣ ደንበኛ ፍላሹን ሲሰካ ቫይረሱ ገባና ፎልደሮቼ ሁሉ ባዶ ምልክት ሆነው ቀሩ። ማሽኑ ከዚያ ወዲያ እየተነሣ ይወድቃል። ሌንሳ ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየችውና ፎርማት ካልተደረገ አይድንም፣ ካልቀረ አዲሱን እንጫነው አለች። ፋይሎቹን ፈልፍላ አውጥታ፣ የከተማውን ሟች በሙሉ አንድም ሳይቀር ወደ ዲ ድራይቭ አሻገረችልኝ። በመጀመሪያ ያስሻገርኳት የኦቦ ደሬሳን ነው።

አዲሱ ተጫነ። ሣጥኖቹ መጡ። የኦቦ ደሬሳን ፋይል ስከፍት ከላይ እስከ ታች የተሰባበረ የፈረንጅ ፊደል፣ የጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ፣ ኮከብ ሆኖ ጠበቀኝ። ዘግቼ ልከፍተው ብዬ መዝጊያውን ባጣው ጊዜ ሶኬቱን ነቀልኩት። ተመልሶ ሲበራም ያው ነው። አማርኛ ያውቃል አላልሽኝም ወይ ብዬ ሌንሳ ላይ ጮኽኩ።

«ያውቃል ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «የእርስዎን አማርኛ ግን አያውቅም።»

ኋላ እንዳስረዳችኝ፣ የድሮው ፕሮግራማችን ውስጡ የፈረንጅ ፊደል ነበር፤ ከላይ አማርኛ እያለበሰ ነው ያሳየን የኖረው። ልብሱ ሲወልቅ ገላው ታየ። ሲዲውን ብናስገባም አዲሱ ዊንዶው አልቀበልም አለ። ጊንጪ ውስጥ የድሮው ማሽን ያለው ሰው እንደምታውቅ፣ እሱ ጋ ወስዳ እንደምታስቀይረው ነገረችኝ። ሰውየው ግን ለሥራ ወጥቶ ነበር።

ቅዳሜ ኦቦ ደሬሳ መጡ። ያስላቸው ነበር። ስክሪኑን ሳሳያቸው ይቆጡኛል ብዬ ራሴን አዘጋጅቼ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ፤ እንደ ፈተና ወረቀት ከላይ ጀምረው በዝግታ ወረዱት። ለጊዜው ነው፣ ይስተካከላል አልኳቸው። አልሰሙኝም። ከመጨረሻው አካባቢ ቆሙና ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ። ከዚያ ሁሉ ስብርባሪ መሀል «ገለቶሚ» ሳትነካ ቁጭ ብላለች። በቁቤ ስለተጻፈች የሚያወልቃት ልብስ አልነበራትም።

«ይህቺን አውቃታለሁ» አሉ።

ሳቁ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠባቸው። ቀሪውን ሲሻላቸው እንደምንጨርስ ነግረውኝ ወጡ። ስክሪኔ በጣት ሲነኩት ምንም አያደርግም ብያችኋለሁ፤ አቧራው ላይ ግን የጣታቸው ምልክት ከቃሏ ሥር ቀረ። አልጠረግሁትም። ዛሬም አልጠረግሁትም።

ሲሻላቸው አላየሁም። ሳሉ ወደ ሳንባቸው ወርዶ ሆስፒታል ተኙ፣ በዚያው አረፉ። ስሰማ ላልቅስ ብል እንኳ አደራው አላስለቅስ አለኝ። ሌንሳ ወደ ጊንጪ ደጋግማ ደወለች፣ ስልኩ አይነሣም። ሌላ መላ ሳጣ ፋይሉን እንዳለ አተምኩት። ምናልባት ወረቀት ላይ ሲወርድ ይስተካከል ይሆናል ብዬ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነኝ። አልተስተካከለም። ሌላ ሳልሞክር መብራት ጠፋ፤ እስከ ቀብሩም አልመጣ።

ቀብር ላይ ያቺን ወረቀት ይዤ ሄድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔም ወረቀቴም ለቀስተኛ መሀል ቆምን። ከአዲስ አበባ የመጣው ትልቁ ልጃቸው በራሱ የሕይወት ታሪካቸውን አዘጋጅቶ ቀብሩን ለሚመራው ወንጌላዊ ሰጥቷል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ሐዘንተኛ ነው፣ ያመጣውም ሁላችንም የምናውቀውን ነው። ኦቦ ደሬሳ ደግ ሆኑ። እንግዳ ተቀባይ ሆኑ። ከወይዘሮ ድንቂቱ ጋር በሕግ ተጋብተው የልጆች አባት ሆኑ። አዴ ድንቂቱ ግማሽ መስመራቸውን ተቀበሉ፤ ራሳቸውን እንደደፉ ነበሩ። ወንጌላዊው ወረቀቱን አጠፈ። አፈር ሊመለስ ነው።

ፊት ለፊት ወጣሁ። ሟች በአደራ የሰጡኝ ቃል አለ ብዬ ወረቀቴን ዘረጋሁ። ጎኔ የቆሙ ጡረተኛ መምህር አጮልቀው አዩና ደንግጠው አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ተመለከቱ። በወረቀቱ ላይ ቅንፍና ኮከብ ነው ያለው። ከራሴ ላይ ላመጣ ብሞክር ልደቱም ትምህርቱም ጠፋብኝ። ስንት ጊዜ የጻፍኩት ነገር! የመጣልኝ ያስጠፉኝ ብቻ ነው። የጻፍኩትን ማሽኑ ይይዝልኛል ብዬ ትቼው ኖሯል፤ ያጠፋሁትን ግን የምይዘው እኔ ነበርኩ።

«ከካቺሲ ስንመጣ» ብዬ በሳቸው አፍ ጀመርኩ። ልጅ ማዘሏን፣ ቋጠሮ መሸከሟን ተናገርኩ። «እኔ ከፊት ጃንጥላ ይዤ እሄድ ነበር። ያቺን ጃንጥላ ለሷ አለመያዜ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።» ማንም አልሳቀም። ጓደኞቻቸው የተባሉት መምህራን መሬት መሬት አዩ። ከዚያ ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩና የምትነበበዋን አንዲት ቃል አነበብኩ።

«ድንቂቱ፣ ገለቶሚ።»

አዴ ድንቂቱ ቀና አሉ። ያን ጊዜ ነው እኔም ያለቀስኩት፤ የቀረውን ነገር አላስታውስም።

በማግሥቱ ድንኳን ልቀመጥ ስሄድ አዴ ድንቂቱ ጠርተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ጃንጥላዋ ከኋላቸው ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላለች። ፈርቼ ነበር፤ ሟች ያስጠፉትን መናገሬ አጉል መድፈር ሳይሆን አይቀርም። የጃንጥላውን ነገር እሱ ነው ወይ ያስጻፈህ ብለው ጠየቁኝ። አዎ እናቴ አልኩ፤ አፍረው እንዳስጠፉኝም አልደበቅሁም። ዞር ብለው ጃንጥላዋን አዩ።

«ኢልማኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ባርሲሳው መምህርህ ሒሳብ እንጂ መንገድ አያውቅም። ፀሐይዋ ከፊታችን ነበረች። የጃንጥላው ጥላ ከኋላ እኔና ልጄ ላይ ነበር የሚያርፈው። እሱ ፊቱ ተቃጥሎ ነው የገባው። እኔ ሆን ብሎ ነው ብዬ ነበር ይህን ሁሉ ዘመን።»

ይህን ለኦቦ ደሬሳ ነግረዋቸው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ምን ብዬ? ያፍራል ብዬ ተውኩት» አሉ።

ነጠላቸውን አስተካከሉና፣ ሌላ ለቀስተኛ ሲገባ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲህ የኔን ስትጽፍ ይሄን አስገባው። እሱ አጥፋው ቢልህም አታጥፋው።»